ወንዱን አይጥ አትውቀሺ፤ ሽሉን ሁለት ሴል ላይ የሚያቆመው እንቁላሉና ሚዲየሙ ናቸው

ከጎንደር የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የጤና አዳም ኤክስትራክት በእርግዝና የመጀመሪያ ቀናት ጉዳት ያደርስ እንደሆነ በአይጥ ሽል ላይ ማየት እፈልጋለሁ። የምጠቀመው ከእንስሳት ቤት የማገኛቸውን ስዊስ አልቢኖ አይጦች ነው። ሽሉን ገና አንድ ሴል እያለ ከእንቁላል ቱቦው አውጥቼ ኤም16 ሚዲየም ውስጥ አድርጌ ኢንኩቤተር አስገባዋለሁ። በማግስቱ ሁለት ሴል ይሆናል። ከዚያ ጥርት እንዳለ ይቆማል። ኤክስትራክት ያልነካቸው ኮንትሮሎቼም እንደዚያው ናቸው። መመሪያው ግን በአራተኛው ቀን ብላስቶሲስት (ማህፀን ላይ ከመጣበቁ በፊት የሚደርስበት፣ ውስጡ ፈሳሽ የያዘ የሴሎች ኳስ) ይሆናል ይላል። አንድ ጓደኛዬ ‹ወንዶቹ እርስ በርስ ተራብተው ዘራቸው ደክሟል፤ ሌላ ወንድ አምጪ› አለኝ። ሌላው ኢንኩቤተሩ ነው ይላል። ችግሩ የጂን ነው ወይስ የላብራቶሪ? ውጤቴስ ስለ ሰው እርግዝና ምን ይነግረኛል?»

ችግሩ የጂንም የላብራቶሪም ነው። የአይጦችሽ እንቁላልና ሚዲየሙ፣ ማለትም ሽሉን የምታሳድጊበት ኤም16 የሚባለው ፈሳሽ፣ አይስማሙም። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ደህና ናቸው። አይጦቹ እንስሳት ቤት ውስጥ ይወልዳሉ፣ ያሳድጋሉ። ኤም16ም ለሌሎች የአይጥ ዘሮች ሲያገለግል የኖረ ሚዲየም ነው። ሲገናኙ ግን ሽሉ ሁለት ሴል ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ይህ በሙያው በደንብ የታወቀ ነገር ነው፤ የሁለት ሴል እገዳ ይባላል። ያንቺም ገለጻ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

መጀመሪያ መመሪያው ለየትኛው አይጥ እንደተጻፈ እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዌስሊ ዊተን አውስትራሊያ ውስጥ በ1956 የአይጥ ሽል ቀላል የጨው ሚዲየም ውስጥ ብላስቶሲስት እስኪሆን ማሳደግ ቻለ። የጀመረው ግን ከ8 ሴል ነበር። በ1958 አን ማክላረንና ጆን ቢገርስ እንዲህ ያደጉ ብላስቶሲስቶችን ወደ ሴት አይጥ ማህፀን መልሰው በሕይወት አስወለዱ። ከአንድ ሴል ተነስቶ ብላስቶሲስት መድረስ የተቻለው ግን በ1968 ነው፤ ዊተንና ቢገርስ አብረው አሳዩት። ያኔም ቢሆን በማንኛውም አይጥ አልሆነም። የሆነው በተወሰኑ ክልስ አይጦች ነው።

ክልስ የምለው ከሁለት የተለያዩ፣ እያንዳንዳቸው ለብዙ ትውልድ በወንድምና እህት ከተራቡ ዘሮች የተወለደችውን ነው። ለምሳሌ እናቷ ሲ57 ብላክ 6፣ አባቷ ሲቢኤ ወይም ዲቢኤ የሆነች። ኤፍ ዋን ይሏታል። የእሷ እንቁላል ቻይ ነው፤ ተራ ሚዲየም ውስጥም ያልፋል። መመሪያዎች በብዛት የሚያስቧት እሷን ነው። እኛ አገር በብዛት የሚገኘው ስዊስ አልቢኖ ደግሞ ከሌላ ወገን ነው። ዘሩ ሆን ተብሎ ተደባልቆ የሚረባ ነው። ለመድኃኒት ሙከራ ጥሩ አይጥ ነው፤ ብዙ ይወልዳል፣ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ከዚህ ወገን የሆኑ ብዙ አይጦች ሽላቸው ቀላል ሚዲየም ውስጥ ሁለት ሴል ላይ ይቆማል። ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ከአንዱ የእንስሳት ቤት ወደ ሌላው ሊለያይ ይችላል።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ሐሳብ ልምጣ። ሌላ ወንድ ማምጣት አይጠቅምሽም። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ተሞክሯል። ጎዳርድና ፕራት በ1983 የሚቆመውን ዘርና የሚያልፈውን ዘር በሁለቱም አቅጣጫ አዳቀሉ። እናቲቱ ከሚያልፈው ዘር ከሆነች ሽሉ ያልፋል፣ አባቱ ማንም ይሁን። እናቲቱ ከሚቆመው ዘር ከሆነች ይቆማል፣ አባቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን። ወሳኙ እንቁላሉ ነው። ከዚያ በፊት በ1982 ደግሞ ማግልተን-ሃሪስና ባልደረቦቿ ከሚያልፈው እንቁላል ትንሽ ሳይቶፕላዝም ቀድተው የሚቆመው ውስጥ በመርፌ ጨመሩ። ሊቆም የነበረው ሽል አለፈ። ኒውክሊየሱን አልነኩትም፤ የጨመሩት በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ብቻ ነው። ይህን ሙከራ ስለ እገዳው ከተሠሩት ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ሽሉ በራሱ ሞቶ ያለቀ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል።

‹ዘራቸው ደክሟል› የሚለውም አያስኬድም። የክልሷ ወላጆች ከማንም በላይ በቅርብ ዘመድ የተራቡ ናቸው፤ ልጃቸው ግን ከሁሉም የተሻለ እንቁላል ትሰጣለች።

ለምን ሁለት ሴል ላይ? እንቁላሉ ጉዞውን የሚጀምረው እናቱ በቋጠረችለት ስንቅ ነው። ስንቁ ፕሮቲንና መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝ) ነው፤ እንቁላሉ ሲበስል የተከማቸ። የመጀመሪያው ክፍፍል በዚሁ ስንቅ ይካሄዳል። አይጥ ላይ ሁለት ሴል ሲደረስ ስንቁ በፍጥነት እየጠፋ፣ የሽሉ የራሱ ጂኖች በስፋት ይነቃሉ። ትንሽ ምልክት ቀደም ብሎ አንድ ሴል ላይ ይታያል፤ ዋናው መንቃት ግን እዚህ ነው። ያንቺ ሽሎች የሚቆሙትም እዚሁ ላይ ነው። ዲኤንኤያቸውን አባዝተው ጨርሰዋል፤ ለመከፈል ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። በእናቱ ሆድ ውስጥ ቢሆን ያው ሽል ያለ ችግር ያልፋል። ሳህን ላይ ሲሆን ግን በዚህ ቀጭን ሰዓት ላይ ሚዲየሙ ጫና ያሳድርበታል። የክልሷ እንቁላል ጫናውን ይችላል፤ የስዊሷ አይችልም።

ጫናው ከምን ይመጣል? ከአንድ ነገር ብቻ አይደለም። ኤም16 ውስጥ ግሉኮስ በብዛት አለ፤ ግሉኮስና ፎስፌት አንድ ላይ ሲሆኑ ገና ያልተከፋፈለውን ሽል ይጎዱታል። ብረታ ብረትን የሚይዘው ኬሚካል፣ ኢዲቲኤ፣ የለውም። ግሉታሚን የሚባለው አሚኖ አሲድም የለውም። ጨውም ይበዛበታል። የመጀመሪያዎቹ ሴሎች መጠናቸውን የሚቆጣጠሩት እንደ ግላይሲን ያሉ አሚኖ አሲዶችን ወደ ውስጥ በማስገባት ነው። ሚዲየሙ ውስጥ ግላይሲን ከሌለና ጨው ከበዛ ይቸገራሉ። ከዚህ ሌላ ሳህን ላይ ባለ ሽል ውስጥ ሁለት ሴል አካባቢ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ከፍ ይላሉ።

መፍትሔውም ከዚሁ ተነስቶ ተገኘ። በ1989 ቻቶትና ባልደረቦቿ ግሉኮሱን አውጥተው፣ ግሉታሚንና ኢዲቲኤ ጨምረው ሲዜድቢ የሚባለውን ሚዲየም ሠሩ። ይቆም የነበረው የሲኤፍ1 አይጥ ሽል አለፈ። ሲዜድቢ ላይ አንድ ነገር አትርሺ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግሉኮስ መጨመር አለበት፤ በኋላ ሽሉ ይፈልገዋልና። ከዚያ ላዊትስና ቢገርስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን በኮምፒዩተር ስሌት ደረጃ በደረጃ እያስተካከሉ ኬሶም ላይ ደረሱ። ኬሶም ጨው ዝቅ ያለ ነው፤ ግሉኮሱ 0.2 ሚሊሞላር ብቻ ነው፤ መሃል ላይ መቀየርም አያስፈልገውም። አሚኖ አሲድ ሲጨመርበት ይበልጥ ይሻላል።

ኢንኩቤተሩን የጠረጠረው ጓደኛሽ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ልዩነቱን በማይክሮስኮፕ ለይ። እገዳ ከሆነ፣ ሁሉም ሽል ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሁለቱ ሴሎች እኩል ናቸው፣ ክብ ናቸው፣ ጠርዛቸው ንጹሕ ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ኒውክሊየሱ ይታያል። በማግስቱም እንደዚያው ናቸው። መጥቆርና መቅረፍ የሚጀምሩት ዘግየት ብለው ነው። መርዝ፣ መጥፎ ዘይት (የሚዲየሙን ጠብታ የሚሸፍነው)፣ የተበላሸ ውኃ ወይም የሙቀት ችግር ከሆነ ግን ሥርዓት የለውም። አንዱ አንድ ሴል ላይ ይቀራል፣ ሌላው ሦስት ላይ፣ ሌላው ይበጣጠሳል፣ ሌላው ይኮማተራል። «ጥርት እንዳለ ይቆማል» ያልሽው ወደ እገዳው ያመለክታል።

ሌላም የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። የዘይትና የሚዲየም ጠርሙሶች ላይ ‹በአይጥ ሽል ተፈትኗል› የሚል ጽሑፍ ታገኚያለሽ። ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚደረገው በክልስ ሽል ነው። ክልሷ ብዙ ነገር ትችላለች። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ለስዊስ አልቢኖ ዋስትና አይሆንም።

የጎንደር ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በጣም ሰፊ ባይሆንም መታረም አለበት። መመሪያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 5 በመቶ አድርጊ ይላል፤ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል አንጻር በአምስት እጅ አንዱ ያህል ይቀንሳል። 5 በመቶው ያው 5 በመቶ ነው፤ ሚዲየሙ ውስጥ የሚገባው ጋዝ ግን ያንሳል። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) ወደ 0.1 ያህል ይወጣል። ለክልሷ ሽል ይህ ላይሰማት ይችላል፤ ቀድሞውኑ ጫና ላለበት ሽል ግን ተጨማሪ ሸክም ነው። በስሌት ወደ 6.5 በመቶ ያስፈልግሻል። ቁጥሩን ብቻ አይተሽ ግን አታስተካክዪ። አንዳንዱ ኢንኩቤተር ሴንሰሩ ከፍታውን ራሱ ያርማል፣ አንዳንዱ አያርምም። የሚዲየሙን ፒኤች ለኪ፤ ከ7.2 እስከ 7.4 መሃል መሆን አለበት። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጠብታ ስትሠሪም ፍጠኚ። ዘይቱ ሳይሸፍነው ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ውኃው ተኖ ጨው ይበዛበታል፤ ከላይ የጠቀስኩትን ጫና በእጅሽ ትጨምሪበታለሽ ማለት ነው።

ስለ ጂን ስትጠይቂ አንዱን ከሌላው እንዳትደባልቂ ሦስት ነገሮችን ልለይልሽ። የመጀመሪያው እስካሁን ያወራነው ነው፤ ሽሉ ማለፍ አለማለፉ፣ በሚዲየም የሚፈታ። ሁለተኛው የእናት ጂን ፈጽሞ ሲጎድል ነው። ሜተር የሚባለው ጂን የሌላት ሴት አይጥ ራሷ ጤነኛ ናት፤ ሽሎቿ ግን ሆዷ ውስጥም ሳህን ላይም ሁለት ሴል ላይ ይቆማሉ። ይህ በ2000 ታወቀ፤ ሚዲየም መቀየር አያድነውም። ያንቺ አይጦች ግን ስለሚወልዱ ይህ አይደለም። ሦስተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ካሮል ዋርነር ከቬርባናክ ጋር በ1981 አንዳንድ የአይጥ ሽሎች ከሌሎች ፈጥነው እንደሚከፈሉ አሳየች። ጂኑ ፔድ ተባለ። በኋላ ኪውኤ-2 ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ተያያዘ፤ ፕሮቲኑ ያለው ሽል ይፈጥናል፣ የሌለው ይዘገያል። ሁለቱም ብላስቶሲስት ይሆናሉ፤ በአንድ ሰዓት ሲቆጠሩ ግን የሴላቸው ቁጥር ይለያያል። ይህ አንቺን በቀጥታ ይነካሻል። ስዊስ አልቢኖ ድብልቅ ስለሆነ ፈጣንና ዘገምተኛ ሽሎች በአንድ ሳህን ሊገናኙ ይችላሉ። አንዱን ቡድን ከአንዲት እናት፣ ሌላውን ከሌላ እናት ብትወስጂ የፍጥነቱን ልዩነት የጤና አዳም ጉዳት ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ። ስለዚህ የሁሉንም እናቶች ሽል ቀላቅለሽ ከዚያ በዕጣ አከፋፍዪ።

ወንዱ ምንም ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም። ዲዲኬ የምትባል የጃፓን ዘር አለች። ሴቷ ከሌላ ዘር ወንድ ጋር ስትዳቀል ሽሎቿ በብዛት ይሞታሉ፤ ወንዱ ዲዲኬ ሆኖ ሴቷ ሌላ ስትሆን ግን ደህና ነው። እዚያ የአባትና የእናት ነገር ይጋጫል። ግን ሞቱ የሚመጣው ብላስቶሲስት አካባቢ ነው እንጂ ሁለት ሴል ላይ አይደለም።

ስለ ሰው የጠየቅሽው ላይ ጥብቅ ነኝ። ከዚህ ሙከራ ‹ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር ደህና ነው› ወይም ‹አደገኛ ነው› ብለሽ መደምደም አትችዪም። የሰው ሽል ጂኑን በስፋት የሚያነቃው ከአራት እስከ ስምንት ሴል ላይ ነው፤ አይጥ ሁለት ላይ። ስለዚህ ሁለት ሴል ላይ ያየሽው ነገር ሰው ላይ በዚያው ደረጃ አይመለከትም። ሳህን ላይ ያለው ሽል ደግሞ ኤክስትራክቱን በቀጥታ ያገኘዋል። በቡና የጠጣችው ሴት ግን በአንጀቷና በጉበቷ አልፎ ነው የሚደርሳት። ማለት የምትችዪው ‹በዚህ መጠን፣ በዚህ ዘር፣ በዚህ ሚዲየም ውስጥ እንዲህ ሆነ› ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

እገዳውን ማለፍም ሁሉ ተስተካከለ ማለት አይደለም። በ2000 የወጣ ጥናት የአይጥ ሽሎችን በሁለት ሚዲየም አሳድጎ ነበር። በሁለቱም ብላስቶሲስት ሆኑ። በዊተን ሚዲየም ያደጉት ላይ ግን ኤች19 የሚባለው፣ ከእናት በኩል ብቻ መሥራት የሚገባው ጂን፣ ከአባት በኩልም መሥራት ጀመረ። ኬሶምና አሚኖ አሲድ ላይ ያደጉት በአብዛኛው ጠብቀውታል። በዓይን ሲታዩ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ብላስቶሲስት መድረሱን ብቻ አትመዝግቢ፤ ኒውክሊየሱን ቀለም አስይዘሽ ሴሉን ቁጠሪ።

ያሉሽ አማራጮች እነዚህ ናቸው። ክልስ አይጥ ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ ለወጪውና ለፈቃዱ ግን የማስተርስ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ አልመክርሽም። ሚዲየም መቀየር ትችያለሽ። ወይም ሽሉን እገዳው ካለፈ በኋላ ማውጣት። እኔ የምልሽ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጊ ነው።

ሴቷን አይጥ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርገውን ሁለተኛውን ሆርሞን፣ ኤችሲጂውን፣ ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ከወጋሻት እንቁላሉ የሚለቀቀው 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ሽሉን ማክሰኞ አታውጪ። ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አውጪ፤ ያኔ ሁለት ሴሉ መጨረሻ ላይ ደርሷል፤ ዋናውን የጂን መንቃት እናቱ ውስጥ ሆኖ አልፎታል። ይህም ካልሠራ ሐሙስ እኩለ ቀን አካባቢ 8 ሴል ሆኖ ታገኚዋለሽ። የእንስሳት ቤቱ መብራት 12 ሰዓት በርቶ 12 ሰዓት መጥፋቱን አረጋግጪ፤ መብራት እየተቋረጠ የሚያድሩ አይጦች ሰዓታቸው ይዛባል፤ ስሌቱም ይፈርሳል።

ሚዲየሙ ኬሶም ከአሚኖ አሲድ ጋር ይሁን። መግዛት ካልቻልሽ ከንጹሕ ጨዎች ራስሽ መሥራት ትችያለሽ፤ ውኃው ላይ ግን አትደራደሪ። ግሉታሚን ሲቆይ ተበላሽቶ አሞኒያ ስለሚያወጣ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ሥሪ። ናይትሮጅን ሲሊንደር ማግኘት ከቻልሽ ኦክስጅኑን ወደ 5 በመቶ አውርጂው፤ ካልቻልሽ ያለሱም ይሠራል።

በዚህ መንገድ የምታጪው አንድ ነገር አለ። ኤክስትራክቱ የሚጎዳው የመጀመሪያውን ክፍፍል ወይም የጂን መንቃቱን ከሆነ ረቡዕ የወጣ ሽል አያሳይሽም። ያንን ማየት ከፈለግሽ በኋላ፣ ኬሶሙ መሥራቱን ካረጋገጥሽ፣ አንድ ሴል ላይ ሞክሪ።

ለጊዜው ጤና አዳሙን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው። ኤክስትራክት በሌለበት ንጹሕ ኬሶም ውስጥ ከ10 ሽል 8ቱ ብላስቶሲስት እስኪሆኑ፣ ያም በተለያዩ ሳምንታት ተደጋግሞ እስኪታይ፣ አትጨምሪ። ስትጨምሪ ደግሞ ኤክስትራክቱን ያሟሟሽበት ፈሳሽ ብቻ ያለው ሁለተኛ ኮንትሮል ይኑርሽ። ኤክስትራክት የገባበትን ጠብታ ፒኤችና የጨው መጠኑን ለኪ፤ ሽሉን የገደለው ቅጠሉ ይሁን ኮምጣጣነቱ ያኔ ይለያል። እስካሁን በኤም16 ያገኘሽውን ውጤት ስለ ጤና አዳም ምንም ስለማይነግርሽ ከመመረቂያ ጽሑፍሽ ዋና ውጤት ውስጥ አታስገቢው፤ የአይጡን ዘር፣ ሽሉ የወጣበትን ሰዓትና የሚዲየሙን ስም ጠቅሰሽ በቅድመ ሙከራ ክፍል ጻፊው።